አኒ ኦንድራ፦ ድምፅ ጣላት ወይስ «የኛ ናት» ባይ አጣች?

የጥንት ሲኒማ (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በሌላ ክር ስለ እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ስለ አልፍሬድ ሂችኮክ የመጀመሪያ ፊልሞች ስንወያይ፣ አንድ ተሳታፊ አኒ ኦንድራን «ድምፅ መጥቶ ያጠፋት ተዋናይት» (ፊልም መናገር ሲጀምር ሥራዋ አበቃ ለማለት ነው) ብለው በአንድ ሐረግ አልፈዋታል። አባባሉ ከመጽሔት መጽሔት ሲገለበጥ የኖረ ስለሆነ እሳቸውን ለመውቀስ አልፈልግም፤ ሆኖም የሴትዮዋን የሥራ ዘመን ከዳር እስከ ዳር የተከታተለ ሰው በቀላሉ የሚቀበለው አይመስለኝም።

ለማያውቋት ባጭሩ ላስተዋውቃት። ኦንድራ የቼክ ቤተሰብ ልጅ ስትሆን የተወለደችው ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በምትገኘው፣ ያኔ ግን የኦስትሮ ሃንጋሪ ግዛት በነበረችው በታርኖቭ ከተማ ነው። ለፊልም የበቃችው በፕራግ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በቼክ ድምፅ አልባ ፊልሞች ውስጥ ከሁሉ በላይ ከሚወደዱት ተዋንያን አንዷ ሆነች። በ1929 ለእይታ የበቁ ሁለት የሂችኮክ ፊልሞች ላይ መሪ ተዋናይት ነበረች። የመጀመሪያው፣ «ዘ ማንክስማን»፣ ሂችኮክ ሙሉ በሙሉ ያለ ድምፅ የሠራው የመጨረሻ ፊልሙ ነው፤ ሁለተኛው፣ «ብላክሜል»፣ የመጀመሪያው ባለድምፅ ፊልሙ ነው። በዚህኛው ላይ የምናየው ፊት የኦንድራ ቢሆንም የምንሰማው ድምፅ የእንግሊዛዊቷ የጆአን ባሪ ነው፤ ምክንያቱም የለንደን ነጋዴ ልጅ ሆና የምትጫወት ሴት በቼክ ቅላጼ እንግሊዝኛ ብትናገር ተመልካች አይቀበልም ተብሎ ነበር።

ታሪኩን የሚያወሩት አብዛኞቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ኦንድራ ግን አላቆመችም፤ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1930፣ በርሊን ውስጥ ከቼኩ ዳይሬክተር ከካሬል ላማች ጋር የራሷን የፊልም ኩባንያ አቋቁማ በጀርመንኛና በቼክኛ በገዛ ድምፅዋ መናገርና መዝፈን ጀመረች፤ በፈረንሳይኛ በተዘጋጁ ቅጂዎችም ላይ ተጫውታለች። እንግዲህ ድምፅ የዘጋባት የእንግሊዝኛውን በር ብቻ ከሆነ፣ የተረሳችበት ምክንያት ሌላ ነው ማለት ነው። የእኔ ግምት፣ ሥራዋ በሦስትና በአራት አገሮች ተበታትኖ ስለ ቀረ «የኛ ናት» ብሎ የሚያነሳት ወገን ስላጣች ነው የሚል ነው። እስቲ እናንተስ?

የድምፅ ሰው

ስለከፈቱት ክር አመሰግናለሁ። መተዳደሪያዬ የውጭ ድራማዎችን የአማርኛ ድምፅ ማልበስ ስለሆነ ስለ ጆአን ባሪ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ዘመን ተርጓሚው የዓረፍተ ነገሩን ርዝመት በምስሉ ላይ ካለው የከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ያስማማል፤ ድምፅ የሚሰጠው ተዋናይ የመጀመሪያውን ንግግር በጆሮው እየሰማ ይናገራል፤ ከንፈሩና ድምፁ ካልገጠመ ደግሞ እንደገና ይባላል፣ ካስፈለገም በኮምፒውተር ይጎተታል ወይም ይቆረጣል። በ1929 ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረም። ምስሉ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ንግግሩን ለይቶ የመተካት ዘዴ ገና ስላልተደረሰበት፣ ድምፁና ምስሉ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ መያዝ ነበረባቸው። ስለዚህ ባሪ ካሜራው በማያያት ቦታ ማይክሮፎን ፊት ቆማ ቃሉን ትናገራለች፤ ኦንድራ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ትጫወታለች። ካሜራው ራሱ ጩኸቱ እንዳይቀረጽ ድምፅ በማያሳልፍ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት እንደነበር ስታስቡት የሁለቱ ሴቶች ጭንቀት ይገባችኋል።

ከዚህ የተነሳ ፊልሙን የማየው በልዩ ጥንቃቄ ነው። ኦንድራ የምትጫወታት ልጅ፣ አሊስ፣ ሊደፍራት የሞከረውን ሠዓሊ በዳቦ ቢላዋ ከገደለች በኋላ በማግስቱ ጠዋት ከቤተሰቧ ጋር ቁርስ ላይ ትቀመጣለች። አንዲት ወሬኛ ጎረቤት በሩ ላይ ቆማ ስለ ግድያው ትለፈልፋለች፤ ንግግሯ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ሄዶ «ቢላዋ» የሚለው ቃል ብቻ ጥርት ብሎ ይደጋገማል። አባትዬው በዚህ መሃል ዳቦ ቁረጪልን ይላታል፤ እጇ ወደ ቢላዋው ይሄዳል፣ ቃሉ ድንገት በጩኸት ሲወጣ ቢላዋው ከእጇ ተፈናጥሮ ይወድቃል። ይህ ትዕይንት በየፊልም ትምህርት ቤቱ የድምፅ ጥበብ ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን የሚሰማው ድምፅ ሁሉ የሌሎች ነው፤ አሊስ የምትናገረው ከምንም አይቆጠርም። ትዕይንቱን የተሸከሙት የኦንድራ ዓይኖችና ጣቶች ናቸው፤ ያም ቢሆን ምስጋናው በሙሉ የሚሄደው ለድምፅ ቀረጻው ነው።

ከአራት ኪሎ

ግሩም ማብራሪያ ነው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ይህን ሁሉ መከራ ከሚያዩ ለምን እንግሊዛዊት ተዋናይት አልቀጠሩም? ደግሞስ አነጋገሯ በእውነት ያን ያህል አስቸጋሪ ነበር?

የጥንት ሲኒማ

ፊልሙ የተጀመረው በድምፅ አልባነት ነው። የድምፅ መሣሪያ ለንደን አቅራቢያ ወዳለው ኤልስትሪ ስቱዲዮ ሲደርስ ብዙው ክፍል ተቀርጾ ነበር፤ ያንን ሁሉ ጥሎ በሌላ ተዋናይት ከመጀመር፣ የተቀረጸውን እያስቀሩ አስፈላጊውን ብቻ በድምፅ መድገም ለኩባንያው ርካሽ ነበር። የፊልሙን መክፈቻ ብትመለከቱ፣ ፖሊሶቹ በመኪና ወጥተው ተጠርጣሪውን እስኪይዙት ድረስ ያለው ክፍል ሙዚቃ የተጨመረበት ድምፅ አልባ ፊልም ነው። በተጨማሪም ሂችኮክ በእሷ ትወና ደስተኛ ነበር፤ በ«ዘ ማንክስማን» በሁለት ወንዶች መካከል የተያዘችውን የኬትን ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደ ተጫወተችው ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠፋውም።

አነጋገሯን በተመለከተ ራሳችሁ መፍረድ ትችላላችሁ፤ ለድምፅ ሙከራ የተቀረጸች አጭር ፊልም እስካሁን አለች። ሂችኮክና ኦንድራ ጎን ለጎን ቆመዋል። እሱ ገና ወጣት ነው፤ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ነውር ነክ ቀልድ ይወረውርላታል፣ እሷ በሳቅ ተንፈቅፍቃ ከካሜራው ትሸሻለች፣ እሱ ደግሞ ቦታሽን አትልቀቂ ይላታል። (ዛሬ አንድ ዳይሬክተር ሠራተኛውን በሥራ ቦታ እንዲህ ቢያናግር ወዮለት።) እንግሊዝኛዋ ግልጽ ነው፤ ቅላጼው የባዕድ መሆኑ ይሰማል እንጂ የምትለው ሁሉ ይገባል። ችግሩ የሴቲቱ አለመቻል አልነበረም፤ አሊስ የተባለችው ልጅ የቼልሲ ትንባሆ ሻጭ ልጅ መሆን ስላለባት እንጂ።

ነቃሽ

ክሩን በፍላጎት እያነበብኩ ነው፤ ነገር ግን የክሩን ከፋች መደምደሚያ እንዳለ አልቀበልም። በመጀመሪያ፣ ትንባሆ ሻጩን ካነሳን አይቀር፣ የጆአን ባሪ ድምፅ ራሱ ከሱቅ ልጅ ይልቅ ለባለጸጋ ቤት ልጅ የሚስማማ የተቀባባ እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የቼኳን ቅላጼ ሸሽተው የገቡበትም ስህተት ነው፤ ልዩነቱ ሁለተኛው ስህተት የአገር ቤት በመሆኑ መታለፉ ነው።

ዋናው ነጥቤ ግን ሌላ ነው። ሥራ ማግኘትና ዝናን ማጣት አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ድምፅ አልባው ፊልም ድንበር አልነበረውም፤ በምስሎቹ መሃል የሚገባውን የንግግር ጽሑፍ ሰሌዳ ቀይሮ አንዱን ፊልም በዓለም ዙሪያ መሸጥ ይቻል ነበር። ፖላንዳዊቷ ፖላ ኔግሪና ሃንጋሪያዊቷ ቪልማ ባንኪ ሆሊውድ ውስጥ ኮከብ የሆኑት በዚያ ዘመን ነው፤ ኤሚል ያኒንግስም የመጀመሪያውን የኦስካር የምርጥ ተዋናይ ሽልማት ከወሰደ በኋላ ድምፅ ሲመጣ ወደ ጀርመን ተመልሷል። እነዚህ ሰዎች ከድምፅ በኋላም ሠርተዋል ብለን ድምፅ አልጎዳቸውም ልንል አንችልም፤ ከዓለም ገበያ ወደ አንድ ቋንቋ ገበያ መውረድ ራሱ ውድቀት ነው። ኦንድራም ከለንደን ወደ በርሊን ስትሄድ የሆነው ይኸው ነው። «በገዛ ድምፅዋ ዘፈነች» የሚለው ያጽናናል እንጂ ክርክሩን አይዘጋውም።

የድሮ የፕራግ ተማሪ

ነቃሽ ያነሱት ቁም ነገር ነው፤ ግን ታሪኩን ከለንደን ስለሚጀምሩት ኦንድራ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረች ተዘሏል። በሶሻሊስቱ ዘመን ለትምህርት ወደ ቼኮስሎቫኪያ ከሄዱት መካከል ነኝ፤ የድሮ ፊልም ፍቅርም ያደረብኝ እዚያው ነው። ቼኮች «ብርቱዎቹ አራት» የሚሏቸው ጓዶች ነበሩ፦ ዳይሬክተሩና ተዋናዩ ካሬል ላማች፣ ካሜራማኑ ኦቶ ሄለር፣ የፊልም ጽሑፍ ደራሲው ቫትስላቭ ቫሰርማን፣ አራተኛዋ ኦንድራ። ላማች የሥራ ባልደረባዋ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዓመታት ፍቅረኛዋም ነበር። በ1924 በሠሩት «ነጩ ገነት» በበረዶ በተዋጠ ተራራማ አገር ማደሪያ ቤት ውስጥ እየተጎሳቆለች የምታገለግል ወላጅ አልባ ልጅ ሆና ትታያለች። አሳዛኝ ታሪክ ነው፤ ይሁንና መሃል ላይ ሳይታሰብ ታስቃችኋለች፤ እንዲህ ካሳዘነች በኋላ ማሳቅ የተካነችበት ነገር ነበር።

የኦንድራ እውነተኛ ችሎታ ቀልድ መሆኑ እዚህ ክር ላይ እስካሁን አልተነሳም። ቆንጆ ሆና ሳለ ፊቷን ለማጣመም፣ ለመውደቅ፣ ፀጉሯን ለማንጨባረር አታፍርም ነበር፤ በዚያ ዘመን ቆንጆ ተዋናይት ቀና ብላ ከመቆም ሌላ ብዙ አይጠበቅባትም ነበርና ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ሂችኮክ ከዚህ ተሰጥኦዋ አልተጠቀመበትም። «የሂችኮክ የመጀመሪያዋ ባለወርቃማ ፀጉር ሴት» እያሉ የሚያሞግሷት ሰዎች ባላሰቡት መንገድ አሳንሰዋታል ብዬ አምናለሁ።

ነቃሽ ስለ «አንድ ቋንቋ ገበያ» ያሉትም መስተካከል አለበት። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንዱን ፊልም በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ደጋግሞ መቅረጽ የተለመደ ነበር። ኦንድራ በ1931 ከታላቁ የቼክ ኮሜዲያን ከቭላስታ ቡሪያን ጋር የተጫወተችው ፊልም በቼክኛም በጀርመንኛም ተሠርቷል፤ «ኪኪ» ደግሞ በጀርመንኛና በፈረንሳይኛ ወጥቷል፤ በሁለቱም ላይ የተጫወተችው እሷ ናት። ብዙ ተዋንያን ለየቋንቋው በሌላ ሰው ሲተኩ እሷ አልተተካችም። ለንደን ላይ ጉድለት የተባለው ቋንቋ ቀያሪነት በርሊን ላይ እንጀራዋ ሆነ።

ጓንት

የቦክስ ወዳጅ ስለሆንኩ ባለቤቷን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ኦንድራ በጁላይ 1933 ያገባችው ከ1930 እስከ 1932 የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረውን ጀርመናዊ ማክስ ሽሜሊንግን ነው። በ1935 ባልና ሚስቱ «ኖክ አውት» በተባለ ፊልም አብረው ተጫውተዋል፤ ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የቀድሞ ፍቅረኛዋ ላማች! ሦስቱ ሰዎች ተስማምተው መሥራታቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ጥቁር አሜሪካዊውን ቦክሰኛ ጆ ልዊስን ለእኛ ወገን ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በ1935 ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ ልዊስ ግዙፉን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን ሲዘርረው፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ነገሩን ለኢትዮጵያ እንደ ተመታ ቡጢ ቆጥረውት ነበር። ታዲያ በ1936 ኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ውስጥ ያንኑ ልዊስን በ12ኛው ዙር በዝረራ ያሸነፈው ሽሜሊንግ ነው። በዚያ ሌሊት ኦንድራ ግጥሚያውን በሬዲዮ የተከታተለችው በርሊን፣ በናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር በጎብልስ ቤት ሆና ነው። ሽሜሊንግ በሂንደንበርግ አየር መርከብ ሲመለስም ሂትለር ከሚስቱና ከእናቱ ጋር ጋብዞ ተቀብሎታል። በ1938 ልዊስ በመጀመሪያው ዙር፣ በ124 ሰከንድ ሲበቀለው ግን ግብዣው ቀረ።

ሶስና

ጓንት በጨዋታ መልክ ያነሱት ነገር የክሩን ጥያቄ የሚመልስ ይመስለኛል። «የሚያነሳት ወገን አጣች» እያላችሁ ስታዝኑላት ያቺ ሌሊት የት እንዳደረች ግን በቀልድ ታለፈ። ከ1933 ጀምሮ የጀርመን ፊልም ሥራ በጎብልስ ሚኒስቴር ሥር ወድቆ፣ አይሁድ የሆኑ ዳይሬክተሮች፣ ደራስያን፣ ሙዚቀኞችና ተዋንያን ከሙያቸው በሕግ ተባረዋል። እሷ በዚያው ኢንዱስትሪ ውስጥ ሥራዋን ቀጠለች። በ1943 የተጫወተችበት ፊልም ደግሞ ጀርመኖች በያዟት ፕራግ ባቋቋሙት ኩባንያ የተሠራ ነው። ያሳደጓት ቼኮች ከጦርነቱ በኋላ «የኛ ናት» ብለው ባያቅፏት ይፈረድባቸዋል?

የጥንት ሲኒማ

እህቴ ሶስና፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሸሽቼም አላልፈውም። ከፊልሞቿ አብዛኞቹ የፍቅርና የቀልድ ፊልሞች ናቸው፤ በ1941 ከሃይንዝ ሩህማን ጋር የተጫወተችበት «የጋዝ ሠራተኛው»ም ኮሜዲ ነው። ሽሜሊንግም የፓርቲው አባል ለመሆን እምቢ እንዳለ፣ አይሁዳዊውን ሥራ አስኪያጁን ጆ ጃኮብስን አሰናብት ሲባል እንዳላሰናበተ፣ በኖቬምበር 1938 በአይሁድ ላይ ጥቃቱ ሲፈጸም የአንድ ወዳጁን ሁለት ልጆች በርሊን ውስጥ ባረፈበት ሆቴል ክፍሉ እንደ ሸሸገ የታወቀ ነው። እነዚህን ፍርዱ ሲሰጥ ከሚዛኑ ላይ ማውረድ አይገባም።

ሶስና

የጠቀሷቸው ሁሉ የባልየው ሥራዎች ናቸው፤ የባል በጎነት ለሚስት ምስክር አይሆንም። ቀልድ መሆኑም አያድንም። ጎብልስ ሕዝቡ ጦርነቱን ረስቶ እንዲስቅ ይፈልግ ነበርና የሳቅ ፊልም ለእሱም ጥቅም ነበረው። አጥፍታለች ብዬ ልፈርድባት አልፈልግም፤ ነገር ግን የተረሳችበትን ምክንያት የምንፈልገው በማይክሮፎኑና በገበያው ዘንድ ብቻ ከሆነ አንዱን ትልቅ ምክንያት ጓሮ ቀብረናል ማለት ነው።

የድሮ የፕራግ ተማሪ

በዚህ ላይ ከእህታችን ጋር እስማማለሁ። ንጽጽሩ የሚታየው በ«ብርቱዎቹ አራት» ዕጣ ነው። ላማች ከጀርመን ወጥቶ በመጨረሻ በጦርነቱ ወቅት ብሪታንያ ገባ። ሄለርም እዚያው ብሪታንያ ቀርቶ ከታላላቅ የካሜራ ባለሙያዎች አንዱ ሆነ፤ በ1955 የወጣውን «ዘ ሌዲኪለርስ»ን እና በ1965 የወጣውን «ዘ ኢፕክረስ ፋይል»ን የቀረጸው እሱ ነው። የኦንድራን ፊት ለፕራግ ታዳሚ ያሳየ ያው ዓይን እንግሊዝ አገር ሲከበር፣ በቋንቋዋ ምክንያት እንግሊዝ ያልተቀበለቻት ሴት በርሊን ቀረች። ካሜራ ቅላጼ የለውም። ከጦርነቱ በኋላ ባልና ሚስቱ ፖሜራኒያ የነበረውን ርስታቸውን አጥተው ሰሜን ጀርመን ውስጥ ከዜሮ ጀመሩ፤ በ1951 አንድ ፊልም ሠራች፣ በ1957 በሌላ ፊልም ላይ ለአፍታ ብልጭ ብላ ታየች፤ ባልየው የኮካ ኮላ አከፋፋይነት አግኝቶ በንግድ ሲከብር እሷ ከፊልም ራቀች። ሃምቡርግ አቅራቢያ በምትገኘው ሆለንሽቴት መንደር ኖራ በፌብሩዋሪ 1987 አረፈች።

ከአራት ኪሎ

ከየት ልጀምር? አንድም ፊልሟን አይቼ አላውቅም።

የድምፅ ሰው

ከ«ብላክሜል» ይጀምሩ፤ ነገር ግን ከባለድምፁ ቅጂ በፊት ድምፅ አልባውን ይመልከቱ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሲኒማ ቤቶች የድምፅ መሣሪያ ስላልነበራቸው ሁለቱም ቅጂዎች ተሠርተዋል፤ ድምፅ አልባው የብሪታንያ ፊልም ተቋም የሂችኮክን ዘጠኝ ድምፅ አልባ ፊልሞች ሲያድስ ታድሶ በ2012 ዳግም ለሕዝብ ቀርቧል። በዚህኛው ቅጂ የሌላ ሰው ድምፅ በመሃል ስለሌለ ኦንድራን ራሷን ያገኟታል። ከመጋረጃው በስተጀርባ ትግሉ ሲካሄድ እጇ ብቻ ወጥቶ ዳቦው አጠገብ ያለውን ቢላዋ ሲዳስስ፣ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ በለንደን ጎዳናዎች ዓይኗ ፈዞ ስትንከራተት ይመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ ባለድምፁን ይክፈቱ። ቀጥሎ «ነጩ ገነት»ን፣ ከዚያ «ኪኪ»ን። ኪኪ ላይ የገዛ ድምፅዋን ስለሚሰሙ የነቃሽንና የክሩን ከፋች ክርክር ለመፍረድ ይረዳዎታል።

ነቃሽ

መልካም ምክር ነው፤ የሶስናንም ነጥብ ተቀብያለሁ። ድምፅ ዝናዋን ወስዷል የሚለውን አቋሜን ግን «ኪኪ»ን ቁጭ ብዬ እስካይ ድረስ አልለቅም፤ ካየሁ በኋላም የምለቅ አይመስለኝም።